ኮፈን ላይ የተፈረመ ውል

ራይሴቻ ሰው አታምንም። ነዳጅ ስታስቀዳ ከሚኒባሷ ወርዳ የማደያው ቁጥር ከዜሮ መጀመሩን በዓይኗ ካላየች አትከፍልም። በምትኖርበት ከተማ በጄን ፈርስ ገበያ ቲማቲም የሚሸጡት ሴቶች ከሩቅ ሲያዩዋት፣ «የበሰበሰውን ከሥር አውጡት፣ መርማሪዋ መጣች!» ይባባላሉ። እሷም ትሰማቸዋለች፣ ከሥር ያለውንም ታያለች።

የዚህ ጠባይ ምክንያቱ አንድ ቁም ሳጥን ነው። አባቷ በዘመናቸው ከከተማ የቤት ዕቃ መሸጫ በዱቤ የወሰዱት፣ ባለ መስታወት ቁም ሳጥን ነበር። ማንበብ ስለማይችሉ በሚመጣላቸው ወረቀት ሁሉ ላይ አውራ ጣታቸውን ሲያትሙ ኖሩ። አለቀ ሲሉ ሌላ ወረቀት ይመጣል፤ እሱ አለቀ ሲሉ ደግሞ ሌላ። ሦስት ጊዜ ከፈሉት። በመጨረሻ ሰዎቹ በጭነት መኪና መጥተው ጭነው ሄዱ። ራይሴቻ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ቁም ሳጥኑ መኪናው ላይ እንደቆመ የገዛ ግቢያቸውን በር በመስታወቱ እያሳያት ሲርቅ አይታለች። ስለዚህ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ለእሷ ተረት ሳይሆን የቤታቸው ታሪክ ነው።

አሁን ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ባሏን ፈትታ አባቷ ግቢ ከተመለሰች ወዲህ አሥራ አራት የሰፈር ልጆችን በአሮጌ ነጭ ሚኒባስ ትምህርት ቤት እያደረሰችና እየመለሰች ትኖራለች። እሷና የአባቷ እህት የሚበሉት ከዚያ ነው፤ ሌላ የላቸውም። ችግሩ ሚኒባሱ ማርሽ ሲለወጥለት ማቃሰት ጀምሯል። መካኒኩን ብትጠይቀው፣ «ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ ነገ ጠዋትም ሊሞት ይችላል» አላት። መካኒኩንም አላመነችውም፤ ነገር ግን ማቃሰቱን በጆሮዋ ትሰማዋለች። በዚያ ላይ አንድ ጎረምሳ ሹፌር አዲስ መኪና ይዞ በየወላጁ ደጅ እየዞረ፣ «ትምህርት ቤት በሚከፈትበት ረቡዕ ጠዋት አሮጊቷ ካልመጣች እኔ አለሁላችሁ» ማለቱን ሰምታለች። አሮጊት ያለው እሷን ይሁን ሚኒባሱን አልገባትም፤ በሁለቱም ተናዳለች።

ስለዚህ ዓርብ ዕለት አሮጌውን ሰጥታ የተሻለ ልትቀይር፣ ቀሪውን በብድር ልትከፍል ወደ ትልቁ ከተማ ወደ ፖሎክዋኔ ወረደች።

መኪና መሸጫው ግቢ ገና ሞተሯን ሳታጠፋ አንድ ሰማያዊ ኮት የለበሰ ሰው ፈገግ ብሎ መጣ። ማሺሎ እባላለሁ አለ። ጎንበስ ብሎ በመስኮቱ ወደ ውስጥ ተመለከተና ዓይኑ ከሹፌሩ ወንበር ፊት ያለው መስታወት ላይ በክር የተንጠለጠለችው የጃርት እሾህ ላይ አረፈ።

«እንዴ! እርስዎ ጃርት ነዎት?»

በዚያ አገር ሰው የትኛው እንስሳ የቤቱ መጠሪያ እንደሆነ ሲናገር ዘሩን ተናገረ ማለት ነው። አንበሳ የሚሉ አሉ፣ ዝሆን የሚሉ አሉ፤ የራይሴቻ ቤት ጃርት ነው። ጃርት ከጃርት ጋር የትም ቢገናኝ ወንድምና እህት ነው።

«ብሆንስ?» አለች።

«እኔም ጃርት ነኛ! በይ ነይ ውረጂ እህቴ። ዘመድ ከዘመዱ አይደል የሚባለው?»

‘እርስዎ’ ብሎ ጀምሮ በአንድ ትንፋሽ ‘አንቺ’ ላይ መድረሱን ልብ አለች። እሾሁን ባያይ ኖሮ ጃርት ነኝ ይል ነበር? ዝሆን ብሰቅል ኖሮ ኩምቢ ያወጣልኝ ነበር ብላ በሆዷ ሳቀችና መነጽሯን አጠለቀች።

ማሺሎ ያመጣውን ወረቀት ሁሉ መስመር በመስመር አነበበች። እሱ ሻይ አስመጣ፤ አልጠጣችም። ረቡዕ ረቡዕ ልጆቹን ካደረሰች በኋላ ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጣ የምትሰማው ስለ ሸማች መብት የሚያወራ የሬዲዮ ፕሮግራም አለ፤ የምታቀርበው ጠበቃ የምትለውን አንድም አታስመልጥም።

«ይሄ መድን ምንድነው?» አለች ጣቷን ገጹ ላይ ተክላ።

«እሱ የግድ ነው እህቴ። ብድር ያለ መድን የለም።»

«መድኑ የግድ ይሁን። ከማን እንደምገዛው ግን እኔ ነኝ የምመርጠው። ሕጉ እንደዚያ ነው። ይሰረዝ።»

«እሺ ይሰረዝ።»

«ይሄስ? የቀለም መጠበቂያ?»

«ፀሐዩን ታውቂው የለ፣ ቀለሙ እንዳይ...»

«እኔ ሃምሳ ሁለት ዓመት ፀሐይ ላይ ቆሜ ቀለሜ አልለቀቀም። ይሰረዝ።»

ማሺሎ ሳቀ። «ጠበቃ ነሽ እንዴ አንቺ ሴት? በጃርት ፊት አልቀመጥም ከእንግዲህ፣ ወጋሽኝ!»

ሁሉንም አሰረዘች። ለአሮጌው ሚኒባስ ጥሩ ዋጋ አስያዘች፤ ወርሃዊ ክፍያው ከአሥራ አራቱ ልጆች ገቢ ጋር የሚመጣጠን ሆነ። ያበድራል የተባለው ባንክ ስሙ የታወቀ ነው። ፈረመች። ያን ጊዜ ማሺሎ የአዲሱን መኪና ቁልፍ አንስቶ መዳፏ ላይ አኖረው።

«ይዘሽው ሂጂ።»

«ባንኩ ሳይፈቅድ?»

«ፈቅዷል በይው። ማኅተም ብቻ ነው የቀረው፣ ሰኞ ይመጣል። ረቡዕ ትምህርት ቤት ይከፈታል አላልሽኝም? አሮጌውን እዚህ ተዪው፣ አዲሱን ለቤተሰብ አሳዪ። ለሞቱት ቀደምቶች በጠላ የምትነግሩት መቼ ነው?»

«ነገ፤ የአባቴ እህት ጠላውን ጠምቃለች።»

«እንግዲያው እኔም እመጣለሁ። የጃርት ቤት መኪና ሲመረቅ ጃርት ሊቀር ነው?»

እዚህ ላይ ነው የተሳሳተችው። ወረቀቱን ሁሉ ጠርጥራ ቁልፉን አልጠረጠረችም። ባንኩ እሺ ሳይል መኪና ለሰው አሸክሞ የሚሰድ ነጋዴ ምን አስቦ ነው ብላ ራሷን አልጠየቀችም። አዲሱ መኪና ማርሽ ሲለወጥለት ድምፅ የለውም፤ እስከ ጄን ፈርስ ድረስ እያዳመጠችው ሄደች። ደስ ብሏት ነበር፣ ደስታ ደግሞ ጆሮ ይደፍናል።

ቅዳሜ ግቢው ሞላ። በዚያ አገር የአባት እህት ራካዲ ትባላለች፤ በቤቱ ውስጥ ለሞቱት ቀደምቶች ቃል የምታደርሰው እሷ ነች። የራይሴቻ ራካዲ ሰማንያ ሊሞላት ሁለት ዓመት ቀርቷታል፤ በከዘራ ትሄዳለች፣ ምላሷ ግን ከዘራ አያስፈልገውም። መጀመሪያ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ አዞረች።

«ስልካችሁን እዚህ። ቀደምቶቹ ፎቶ አይነሱም። አንተ ደግሞ የምን ኪስ መዳሰስ ነው? አውጣው!»

ስልክ ሁሉ ሳፋ ውስጥ ገባ። ሕዝቡ መሬት ላይ ተንበረከከና መዳፉን ጎድጎድ አድርጎ ቀስ እያለ ማጨብጨብ ጀመረ። ራካዲ ገና ያልጠለለውን የማሽላ ጠላ በአራቱም ጎማ ላይ አፈሰሰች፣ ኮፈኑ ላይ ረጨች፣ ከሱረት ዕቃዋ ቆንጥራ መሬቱ ላይ አደረገች። የሞቱትን በስም እየጠራች፣ «እነሆ መኪና፤ ልጆቻችንን የሚያመላልስ ነው፤ ጠብቁት፣ እንግዳ አትሁኑበት» አለች። ማሺሎም ሰማያዊ ኮቱን እንደለበሰ ሱሪው አፈር ይነካል ሳይል ተንበርክኮ ያጨበጭባል። ራይሴቻ በዓይኗ ጠርዝ አየችው። እጁ ከሰው እጅ እኩል ይሄዳል። ይሄ ተለማምዶታል አለች በልቧ፤ በየገዢው ቤት እየዞረ ያጨበጭባል ማለት ነው።

ሲጨረስ ማሺሎ ጠላውን ከሰው ጋር ጠጣ፣ አፉን ጠረገና ራይሴቻን ወደ መኪናው ዞር አድርጎ ወሰዳት። ብብቱ ውስጥ አቃፊ ነበረው።

«እህቴ፣ አንድ ትንሽ ነገር ገጠመችን። ባንኩ እምቢ አለ።»

«ቅዳሜ ባንክ ይሠራል?»

«ትናንት ማታ ነው የነገሩኝ። ግን አይዞሽ፣ የኛው ድርጅት ራሱ ያበድርሻል። ወረቀቱን አዘጋጅቼ መጥቻለሁ። እዚህ፣ እዚህና እዚህ ፈርሚ።»

«ሰኞ መጥቼ አንብቤ እፈርማለሁ።»

«እንደሱ አይሆንም። ብድር የሌለው መኪና እዚህ ግቢ ማደር አይችልም። ካልፈረምሽ አሁን ነድቼው መሄዴ ነው።»

ራይሴቻ ዞር ብላ ሰዉን አየች። አርባ ሰው ይሆናል፤ ገንፎና ሥጋ በሳህን ይዞ ሳር ላይ ተቀምጧል። የጎረምሳው ሹፌር እናትም ከመሀል ናት።

«አሮጌውን መልስልኛ ታዲያ።»

«ትናንት ተሸጠ እኮ። እኔ ምን ላድርግ?»

ራካዲ ከዘራዋን ተደግፋ መጣች። «ምንድነው ሹክሹክታው?»

ነገሯት። አሮጊቷ ፊቷ ተለወጠ። «መኪናው ሊሄድ? አሁን ነግሬያቸው? አሁን ጠላ አጠጥቻቸው?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የተነገራቸው ነገር አይመለስም ራይሴቻ። ልጅ ተሰይሞ ስሙ ይገፈፋል? ወረቀት ከሆነ ፈርሚው። በሰው ፊት አታዋርጂኝ።»

ራይሴቻ መነጽሯ ቤት ውስጥ ነበር። ልታመጣ ስትል ማሺሎ ሰዓቱን ተመለከተ፤ ቁልፉን ከመኪናው ነቅሎ በጣቱ ላይ አሽከረከረው። ወረቀቱን ኮፈኑ ላይ ዘረጋላት። ኮፈኑ ገና ከጠላው አልደረቀም ነበር፤ ሁለቱም ቅጂ ከሥር ረሰረሰ፣ የማሽላ ገለባ ተለጠፈበት። ማሺሎ በመሀረቡ ጠራረገው። እሷ ፈረመች። ቁልፉንና አንዱን ቅጂ ሰጣት፣ አንዱን አቃፊው ውስጥ ከተተ፣ «እንኳን ደስ ያለሽ» ብሎ ሄደ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ ራይሴቻ ግን ያን ሰዓት የታጠቀችው የሚፈታ አልመሰላትም።

እንግዶቹ ሲበተኑ መነጽሯን አድርጋ አነበበች። ያሰረዘችው መድን ተመልሷል። የቀለም መጠበቂያው ተመልሷል። የአሮጌው ሚኒባስ ዋጋ በግማሽ ወርዷል። ከሁሉ የባሰው መጨረሻው ገጽ ላይ በጥቃቅን ፊደል የተጻፈው ነበር፤ የስድስት ዓመቱ ክፍያ ካለቀ በኋላ የመኪናውን ዋጋ ሲሶ የሚያህል አንድ የመጨረሻ ክፍያ አለ፣ እሱን ያልከፈለ መኪናውን ይመልሳል። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ቁጭ አለች። ቁም ሳጥኑ ነው። ጎማ አውጥቶ ተመልሶ መጣ።

ከዚያ ተነሥታ ወደ መኪናው ሄደች። መኪናው የተጓዘውን ኪሎ ሜትር ከክሩስኮቱ ላይ አንብባ በከሰል የማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ጻፈችው፤ መኪናውን በሸራ ሸፈነችና ቁልፉን ጡቷ ሥር ከተተች። ነድተሽበታል እንዳይሏት ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን በእግሯ ሄደች።

ሰኞ ጠዋት ባንኩ ደወለች። መስመር ላይ ያለችው ልጅ ስሟን፣ የመታወቂያ ቁጥሯን ሁለቴ አስደገመቻትና፣ «እማማ፣ በስምዎ ምንም ማመልከቻ አልመጣልንም» አለቻት።

«እምቢ አላላችሁም?»

«ምኑን ነው እምቢ የምንለው? አልጠየቁንም እኮ።»

ራይሴቻ ስልኩን ዘግታ በታክሲ ፖሎክዋኔ ወረደች። መኪና መሸጫው ፊት ለፊት አልገባችም። ሕንጻውን ዞራ ከኋላ በኩል በሽቦ አጥሩ ቀዳዳ አየች። ተሸጠ የተባለው አሮጌ ሚኒባሷ ጥግ ላይ ቆሟል፣ የጃርት እሾሁም መስታወቱ ላይ ተንጠልጥሏል። የሚገርመው ያን ጊዜ ተናዳ አልነበረም። እፎይ ነው ያለችው። ለሁለት ቀን፣ ምናልባት እኔ ነኝ ክፉ፣ ምናልባት ሰውየው እውነቱን ነው ስትል ከራሷ ጋር ስትጣላ ነበርና።

በታክሲ ስትመለስ ነው የሬዲዮዋ ጠበቃ ትዝ ያለቻት። አበዳሪው ከተመዘገበበት ቢሮ ውጭ፣ ቤትሽ ወይ ሌላ ቦታ መጥቶ ያስፈረመሽ የመኪና ብድር ከሆነ፣ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ አሳውቀሽ፣ መኪናውን መልሰሽ ውሉን ማፍረስ ትችያለሽ ነበር ያለችው። ራይሴቻ ያኔ፣ «የመኪና ውል ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚፈርም ምን ዓይነት ጅል ነው?» ብላ ስቃ ነበር። አሁን ቀኑን በጣቷ ቆጠረች። ሰኞ አንድ ነው።

የቀረው ራካዲ ናት። መኪናው ለቀደምቶቹ ተነግሯል፤ ያሰረችው እሷ ናት፣ ልትፈታው እሺ ካላለች ራይሴቻ ነድታ ከግቢ አታወጣውም።

«እብድ ነሽ እንዴ?» አለች አሮጊቷ። ቅጠል እየቀነጠሰች ነበር፣ እጇ ቆመ። «ቅዳሜ ጠብቁልን፣ ማክሰኞ ተውት ልበላቸው? መጫወቻ ናቸው?»

«ሰውየው ዋሽቶናል ራካዲ። ባንክ አልጠየቀም። ሚኒባሳችንም አልተሸጠም፣ አይቼዋለሁ።»

«ይዋሽ። እሱን እነሱ ይጠይቁታል። አንቺ ግን ስሜን አታጥፊ።»

ራይሴቻ ወረቀቱን አውጥታ የመጨረሻውን ገጽ ጮክ ብላ አነበበችላት። ስድስት ዓመት ተከፍሎ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ፣ አልያ መኪናው ይወሰዳል።

«የአባቴን ቁም ሳጥን ያስታውሱታል?» አለች ራይሴቻ።

«ዝም በይ።»

«ሦስቴ ነው የከፈለው።»

«አራቴ ነው!» አለች ራካዲ። «ሦስተኛውን እሱ ከፈለ፣ አራተኛውን እኔ ነኝ የሰጠሁት፣ ፍየሎቼን ሸጬ። አፍሮ ነው ያልነገራችሁ።» ቅጠሉን ወደ ጎን አደረገችው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ ድምፅዋ ግን እንደ ልማዷ ደረቅ ነበር። «ፈርሚ ያልኩሽ እኔ ነኝ። ወንድሜንም ያኔ፣ በሰው ፊት አንዋረድ፣ ጣትህን አትም ያልኩት እኔው ነኝ። ነገ በስንት ሰዓት ነው የምንሄደው?»

ማክሰኞ ጠዋት ገና የመኪና መሸጫው ቢሮ ሲከፈት ደረሱ። የብድር ክፍሉ ኃላፊ ወይዘሮ ናይዱ ይባላሉ፤ ጠረጴዛቸው ላይ አንዲት ብናኝ የለችም። ራይሴቻ በሁለት ቅጂ የጻፈችውን ደብዳቤ ዘርግታ፣ «ውሉን አፍርሻለሁ። መኪናው ውጭ ነው። አሮጌዬን መልሱልኝ» አለች።

ማሺሎ ተጠርቶ መጣ። ሁለቱን ሴቶች ሲያይ አንድ አፍታ ቆም አለ፤ ከዚያ የሥራ ፊቱን አደረገ።

«ምን ችግር አለ ማዳም?»

«ደንበኛዋ ውሉን ቤቴ መጥቶ ነው ያስፈረመኝ ይላሉ» አሉ ወይዘሮ ናይዱ።

«ኧረ በፍጹም! እዚሁ ነው የፈረሙት። ወረቀቱም ‘ፖሎክዋኔ፣ በድርጅቱ ቢሮ’ ይላል። እኔ ቤታቸውን አላውቀውም።»

ራካዲ ከዘራዋን ወለሉ ላይ ቸከለች። «ጠላዬን አልጠጣህም?»

«እማማ፣ ከሌላ ሰው ጋር አምታተውኝ ይሆናል።»

«ከማን ጋር ነው የማምታታህ? ሱሪህን አፈር ያስነካኸው በማን ግቢ ነው?»

ወይዘሮ ናይዱ እጃቸውን አነሱ። «ፎቶ አላችሁ? ቪዲዮ?»

የለም። አርባ ስልክ ሳፋ ውስጥ ነበር። ማሺሎም ያን ያውቃል፤ ወደ ጣሪያው ተመለከተ። ራይሴቻ በልቧ አሰላች። ሕጉ ከእሷ ጋር ነው፣ ነገር ግን ነገ ረቡዕ ነው። ክርክሩ ለወር ቢጎተት አሥራ አራቱ ልጆች የጎረምሳው ናቸው። ምስክር ልጥራ ብትል አርባ ሰው ከጄን ፈርስ ማን ያመጣላታል? ቦርሳዋን ከፈተች። የራሷን ቅጂ ልታወጣ ነው፤ ስታወጣው የደረቀ ገለባ በወይዘሮ ናይዱ ንጹሕ ጠረጴዛ ላይ ፍርፍር ብሎ ወደቀ።

ራይሴቻ ገለባውን አየችው። ከዚያ ቀና አለች።

«የእናንተን ቅጂ ያውጡት» አለች።

«ለምን?»

«ዝም ብለው ያውጡት እመቤቴ።»

ወይዘሮ ናይዱ ከመሳቢያ አቃፊውን ስበው ወረቀቱን አወጡ። ከፊርማው ገጽ በስተጀርባ ቡናማ እድፍ ተንዠርግጓል፣ ወረቀቱ ደርቆ ተኮማትሯል፣ የማሽላ ገለባ ተጣብቆበታል። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉትና ፊታቸውን አኮሳተሩ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ጠላ ነው» አለች ራካዲ። «የኔ ጠላ። ከቅዳሜ ወዲህ ትንሽ ኮምጥጧል።»

«እዚህ ቢሮ ጠላ ትሸጣላችሁ?» አለች ራይሴቻ። «የምትሸጡ ከሆነ እዚህ ፈርሜያለሁ።»

ወይዘሮ ናይዱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፤ ለራይሴቻ አዝነው እንዳልሆነ ያስታውቃል፣ ይህ ባለ እድፍ ወረቀት በመንግሥት የብድር ተቆጣጣሪ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ እየታያቸው ነበር። ደብዳቤውን ተቀበሉ። ራይሴቻ ሁለተኛው ቅጂ ላይ ማኅተም፣ ቀንና ሰዓት እስኪደረግ ከወንበሯ አልተነሣችም። ኪሎ ሜትሩንም ከግድግዳው የገለበጠችውን ቁጥር ይዛ አስቆጠረቻቸው፤ ቅዳሜ ከጻፈችው የሚበልጠው የዛሬውን መንገድ ያህል ብቻ ነበር።

ግቢው ውስጥ ራካዲ፣ «ቆዩ፣ እኔ ሥራዬን አልጨረስኩም» አለች።

አዲሱ መኪና ፊት፣ በሲሚንቶው ላይ፣ ደንበኞች እያዩዋት ተንበረከከች። ራይሴቻም ከኋላዋ ተንበርክካ ማጨብጨብ ጀመረች። አሮጊቷ ሱረት ቆንጥራ አኖረችና የሞቱትን በስም እየጠራች፣ ይህን መኪና ከእጃችሁ ልቀቁት፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፣ በልጅቷ አትፍረዱ አለች። ማሺሎ የአሮጌውን ሚኒባስ ቁልፍ እንዲያመጣ ታዝዞ ነበር፤ ይዞ መጥቶ ራቅ ብሎ ቆመ። ራካዲ የራሷን አባቶች ጨርሳ እንደ ደንቡ ከራሷ ቤት ውጭ ያሉትን፣ ከሩቅ ወንዝ ማዶ የቀሩትን የጃርት ሰዎች መጥራት ጀመረች። ከመካከላቸው አንድ ስም ስትጠራ የማሺሎ ጉልበት ታጠፈ።

ማንም አላዘዘውም። ገዢ አልነበረም፣ የሚፈረም ወረቀት አልነበረም፣ አለቃው በመስኮት እያዩት ነው። ሲሚንቶው ላይ ተንበረከከ፣ ቁልፉን መሬት አስቀመጠ፣ መዳፉን ጎድጎድ አድርጎ አጨበጨበ። ከንፈሩ ከአሮጊቷ ቀድሞ የሚቀጥለውን ስም ያነሣ ነበር፤ ከዚያ የሚቀጥለውን፣ አንድም ሳይስት።

ራይሴቻ ማጨብጨቧን ሳታቆም ዞር ብላ አየችው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይህን ሰው በሁሉም ጠርጥራው ነበር፤ ከሁሉ አብልጣ የጠረጠረችው ጃርትነቱን ነው። እሾሁን አይቶ የፈጠረው ነው ብላ ነበር። አሁን ሲገባት፣ ሰውየው ከነገራት ነገር ሁሉ እውነቱ እሱ ብቻ ነበር። ባዕድ ቢሆን ኖሮ ሌባ ብላ ሰድባው ቀልሏት ትሄድ ነበር። አዘነች፤ ከቅዳሜው እፍረት ይልቅ ይህ አንገበገባት።

ተነሡ። ማሺሎ ቁልፉን በሁለት እጁ አቀረበላት፣ ቀና ብሎ አላያትም።

«እህቴ...» አለ።

ራይሴቻ ቁልፉን ተቀብላ የአሮጌውን ሚኒባስ የኋላ በር ከፈተች። ጎንበስ ብላ አየች።

«ስኮርታዬ የታለ?»

«እ?»

«ትርፍ ጎማዬ። ዓርብ እዚህ ነበር። ክሪኩም የለም።»

ማሺሎ ወደ ጋራዡ ሄደ። ጎማውን በዚያ ሰማያዊ ኮቱ ላይ ተሸክሞ መጣ፣ ሁለተኛ ተመልሶ ክሪኩን አመጣ። እሷ ጎማውን ጨብጣ ዙሪያውን ዳሰሰችው፣ የእሷው መሆኑን ካረጋገጠች በኋላ አስገባችው።

ራካዲ ፊት ወንበር ላይ ተሰቅላ ከዘራዋን ጉልበቷ መሀል አኖረች። ሚኒባሱ ማርሽ ሲገባለት እንደ ልማዱ አቃሰተ፤ የጃርቷ እሾህ ተወዛወዘች። ከግቢው ሲወጡ ማሺሎ በሩ ጋ ቆሞ፣ ትከሻው ላይ ጥቁር የጎማ ምልክት ይዞ ነበር። አሮጊቷ እስኪሰወር አየችው።

«ማታ ለቀደምቶቹ ሁሉንም መንገር አለብኝ» አለች። «ስለዚህ ልጅ ምን ልበላቸው?»

ራይሴቻ መንገዱን ግራ ቀኝ አየች፣ ደግማ አየች።

«ዘመዳችን ነው ይበሏቸው» አለች። «ግን እነሱም ይጠርጥሩት።»